መርገጫ ወይስ መከላከያ ብረት

ሥራውን እኔ አልተውኩትም፤ እሱ ነው ጥሎኝ የሄደው። ድሮ ከመሬት ከፍ ያለ የቤት መኪና ጅግጅጋ ሲገባ ባለቤቱ ጎኑ ላይ የሚገጠመውን ለማሠራት መጀመሪያ ወደ እኛ ብየዳ ቤት ነበር የሚመጣው። ዛሬ መርገጫውም፣ የጎን መከላከያ ብረቱም ተሠርቶ፣ አብረቅርቆ፣ በካርቶን ታሽጎ በቶጎ ውጫሌ ድንበር በኩል ይገባል። ብሎኑ እንኳ በላስቲክ ተቋጥሮ አብሮት አለ። ዘንድሮ የብየዳ ቤቱ ባለቤት ሐጂ ኑር "ብዙነሽ፣ አሁንስ ዕረፊ" አሉኝ። ዐረፍኩ። ጉልበቴና ዓይኔ ይህንኑ ሲነግሩኝ ቆይተዋል።

ዕረፍቴ ወር ሳይሞላው የልጄ የሰላም ባል አብርሃም መኪና ገዛ። ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ጎማው ትልልቅ፣ ልጆቹ በሩ ጋ ቆመው መቀመጫውን አንጋጠው የሚያዩት ዓይነት ነው። ሁለት ረጃጅም ካርቶን ጎትቶ ቤቴ መጣ። በአንዱ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚደርስ ሰፊ ጠፍጣፋ መርገጫ አለ፤ በሌላው ወፍራም ክብ የመከላከያ ቱቦ።

"እማማ፣ መቼም የእርስዎ ሙያ ነው። አንዱን ይምረጡልኝ፤ ሌላውን እመልሳለሁ" አለኝ።

"ሁለቱንም መልስ።"

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። "እሺ፣ ያስቡበት። ብቻ ከእሑድ እንዳያልፍ" ብሎ ሄደ።

እሑድ የታናሽ ወንድሙ ሠርግ ነው። የሙሽራዋ አባት ቱሊ ጉሌድ ከተማ የሚያስተምሩ መምህር ስለሆኑ አጀቡ ከጅግጅጋ ተነሥቶ እዚያ ድረስ ሄዶ ሙሽራዋን ይዞ ይመለሳል። አዲሷ መኪና ፊት ትመራለች ተብሏል። ውስጧ ልጄ፣ ሦስቱ የልጅ ልጆቼና የአብርሃም እናት እትዬ የሺ ይቀመጣሉ። ጎኗ ላይ ማን እንደሚሄድ ደግሞ የጅግጅጋ ሰው ሁሉ ያውቃል። መርገጫ ያለው መኪና የሠርግ ዕለት ባዶ ጎኑን አይሄድም፤ ጎረምሳው በግራና በቀኝ ይንጠለጠላል፤ በአንድ እጁ ጣራው ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ይይዛል፣ በሌላው ሻሽ ያውለበልባል፣ ይጨፍራል። ያልተንጠለጠለበት አጀብ ለቅሶ ይመስላል ይላሉ።

ፈሪ ነሽ ይሉኛል። አዎ፣ ፈሪ ነኝ። ልጆቼ ውሃ ሲጠጡ ጉሮሯቸውን የማይ ሴት ነኝ። ግን ይህ ፍርሃት ከሃያ ዓመት በላይ ብረት ሲያሠራኝ፣ እንጀራ ሲያበላኝ የኖረ ነው፤ የማፍርበት ነገር አይደለም። ከሁለቱ ካርቶን አንዱን ለምን እንዳልመረጥኩ ለአብርሃም ቁጭ ብዬ ባስረዳው እስከ መጨረሻው አይሰማኝም ነበር። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቢጎረብጥም ይነበባል።

ወደ ጅግጅጋ ያመጣኝ ባሌ ነው፤ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ እሱም "ቤተሰብ አይቼ እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። ሁለት ልጅ ይዤ ጠበቅኩት። መጠበቁ ሲረዝም ሥራ ፈለግሁ። ሐጂ ኑር ብየዳ ቤታቸውን የሚጠርግ ሰው ይፈልጉ ነበርና ገባሁ። የብረት ፍቅፋቂ መጥረግ ቀላል አይደለም፤ ጫማ ይበሳል፣ ቀሚስ ላይ ተጣብቆ ቤት ይገባል። ማታ ልጆቼን ከማቀፌ በፊት ቀሚሴን ውጭ አውልቄ አራግፍ ነበር።

ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም እንድቀባ ሰጡኝ። እኔ መቼም አላምንም፤ የተቀባውን መልሼ ገልብጬ አያለሁ። ሰው የማያየውን ጀርባውን፣ የብየዳውን ስንጥቅ፣ የቱቦውን የውስጥ ጠርዝ ሁሉ እቀባለሁ። ሌሎቹ ቀለም ጨረሰች ብለው ከሰሱኝ። የብየዳ ቤቱ ዋና ባለሙያ ግን ሥራዬን አንስተው ገለባበጡና "ይህቺ ሴት ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነች" አሉ። አደር ጃማ ይባላሉ። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ከተማው በሙሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ደመወዜ ቅዳሜ ቅዳሜ በእጄ ይሰጠኝ ነበር፤ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዛሬም ጡረታ የለኝም። ይህን ለማማረር አልጻፍኩትም።

አደር ጃማ መኪና ሲመጣላቸው ሜትር አያነሡም። ባለቤቱን ከላይ እስከ ታች አይተው አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት።

"ከቤትህ ትልቋ ሴት ማን ናት?"

አንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ እንዴት እንደደነገጠ ትዝ ይለኛል። "እናቴ ናት። ምነው?"

"አምጣት።"

"አደር፣ እናቴን? ጋራዥ? ሰው ምን ይለኛል?"

"መኪናህ ላይ አትወጣም?"

"ትወጣለች እንጂ።"

"እኮ አምጣት። የምትወጣው አንተ ከሆንክ ግን መርገጫ ምን ያደርግልሃል? ዝለል።"

እናቶቹ እየተነጫነጩ ይመጣሉ። ረጅም ቀሚሳቸውን፣ ዲራቸውን፣ ከዘይቱ እየሰበሰቡ፣ ልጃቸውን እየሰደቡ፣ አደር ጃማንም አብረው እየሰደቡ። እሳቸው ከበሩ ሥር ጡብ ይደረድራሉ፤ አሮጊቷ ትወጣለች፤ አንድ ጡብ ይቀንሳሉ፤ እንደገና ትወጣለች። የሚያዩት እግሯን አይደለም። "ናያ ብዙነሽ፣ ትንፋሿን ስሚ" ይሉኛል፤ ናያ በሶማሊኛ አንቺ እንደ ማለት ነው። ትንፋሽ ሳይቆረጥ፣ "ያ አላህ" ሳይባል የተወጣበት ከፍታ ላይ በኖራ ያሰምራሉ። ቀጥሎ የቤቱ ትንሹ ልጅ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ መውረድ ነው ያለበት፣ ፊቱን አዙሮ፣ ብቻውን። ለእሱም ያሰምራሉ። መርገጫው በሁለቱ መስመሮች መካከል ይሆናል።

ሁለተኛው ልማዳቸው መስታወት ነው። የተሰበረች የመኪና መስታወት ይዘው ከሥር ይገቡና የብየዳውን ጀርባ ያያሉ። ፊቱ ያማረ ብየዳ አያስደስታቸውም። ሦስተኛው መዝለል ነው፤ የጨረሱት ላይ ወጥተው ይዘልላሉ፣ ከዚያ እኔን ያዘልሉኛል። የበሩን ሥር ላሜራ ደግሞ አስነክተውን አያውቁም። "ላሜራ ቆዳ ነው፤ ሻንሲ አጥንት ነው። አጥንት ላይ እሰሪ" ይሉ ነበር። ብዙ ቦታ መርገጫውን በላሜራው ላይ አጣብቀው ይሸኛሉ፤ ዓመት ሳይሞላው ከነላሜራው ይቀነጠሳል። የእኛ ተቀንጥሶ አያውቅም። ይህ ኩራታችን ነበር፤ በኋላ ምን እንዳመጣብን እነግራችኋለሁ።

መከላከያ ብረትን በደንብ ያወቅሁት አውበሬ ከተማ ነው። እዚያ አጠገብ ወዳለው የስደተኞች ጣቢያ የሚመላለሱ የፊልድ መኪኖች ነበሩና ሐጂ ኑር አደር ጃማንና እኔን ለጥቂት ወራት ላኩን። ልጆቼን ጎረቤት ዘንድ ትቼ ሄድኩ። ድንኳን ሥር ነው የሠራነው። ወደ ደምበል ደርሰው የሚመለሱት መኪኖች የበራቸው ሥር በድንጋይ ተጨረማምቶ ይመጣል፤ ዝቅ ያለ መርገጫ ያላቸው ደግሞ መርገጫውን እዚያው ድንጋይ ላይ ትተውት ይመጣሉ። ሹፌሮቹ ስለዚህ ቱቦ ይወዳሉ። አንዱ፣ አፉ ስለት የሆነ የደሴ ልጅ፣ "እቴ፣ ለእኔ መርገጫ የሚባል እንዳትሠሪ፤ መርገጫ ሰው ያስለምዳል። አንዴ የወጣበትን በአለንጋም አላወርደው" አለኝ። ያኔ ስቄ አለፍኩት።

ቱቦ ለድንጋይ ጥሩ ነው። ለአህያ ጋሪ፣ ለባጃጅ፣ ለጀሪካን ጥሩ ነው። አንዳንድ ሰው ግን መከላከያ የሚለውን ስም ሰምቶ መኪና ቢመታኝ ያድነኛል ብሎ ይገዛዋል። አያድንም። ከጎን የሚመጣ መኪና ቱቦውን ይዞት ነው ወደ በሩ የሚገባው፤ እንዲያ ሆኖ የመጣ አንድ መኪና በእጄ ፈትቻለሁ። ደግሞ ስሙን ምንም በሉት፣ ጎን ላይ ያለን ነገር ሰው ይረግጠዋል። ቱቦ ክብ ነው፤ ጭቃ ሲነካው እግር ይንከባለልበታል። ጣቢያው ውስጥ የምትሠራ አንዲት ነርስ ቅልጥሟን ጠምጥማ እያነከሰች መጥታ "እዚህ ላይ ነው የላጠኝ" ብላ ቱቦውን በካልቾ ስትመታው አይቻለሁ። ቱቦው ምንም አልሆነም፤ እሷ ሌላውንም እግሯን ይዛ ቁጭ አለች።

ስለዚህ ወደ ጅግጅጋ የተመለስነው ለቤተሰብ መኪና መርገጫ እንጂ ቱቦ አንሠራም ብለን ነው። በዚያው ሰሞን አንድ የከተማው ነጋዴ አዲስ መኪና ይዞ መጣ። እናቱን አመጣ፣ ትንሿን ልጁን አመጣ። አደር ጃማ በሕይወታቸው ምርጡን መርገጫ ሠሩለት። ከጎማ እስከ ጎማ፣ አንድ ሙሉ ጫማ የሚያሳርፍ ስፋት ያለው፣ ላዩ ላስቲክ የለበሰ፣ አራት ቦታ ከሻንሲው ጋር የታሰረ። ጀርባውን እኔ ሦስት ጊዜ ቀባሁት። ላዩ ላይ ስዘልል መኪናው ተወዛወዘ እንጂ መርገጫው ድምፅ አላሰማም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የነጋዴው ዘመድ አሩስ ነበረው፤ ሠርግ ማለት ነው። አጀቡ ሲወጣ የነጋዴው ታናሽ ወንድም ሙክታር ከጓደኞቹ ጋር በመርገጫችን ላይ ተንጠለጠለ። ሹፌሩ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ ይህን ሁሉም መስክሯል። መንገዱ ጠበብ የሚልበት ቦታ ላይ ጭነት የያዘ መኪና ከፊት መጣ። ሁለቱም ጠርዝ ጠርዛቸውን ይዘው ሊተላለፉ ሞከሩ። ጓደኞቹ አይተው ዘለሉ። ሙክታር ፊቱን ወደ ሙሽሮቹ አዙሮ ይጨፍር ስለነበር አላየም። የጭነት መኪናው የጎን ስፖንዳ እግሩን ከመርገጫው ጋር አጣብቆ ያዘው። ሐኪም ቤት እግሩን ከጉልበት በላይ ቆረጡት።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ነው ማን ምን እንደሚካስ የሚቆርጡት። አደር ጃማም ተጠሩ። እኔ ልጆቼን ምን ላበላ ነው እያልኩ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። ሲመለሱ የተባለውን ነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ነገር ነው የጠየቋቸው። መርገጫው ተሰበረ ወይ? አልተሰበረም። ተነቀለ ወይ? አልተነቀለም። እንግዲያው የሠራው ሰው ነጻ ነው፣ ሥራውም የተመሰገነ ነው ብለው አሰናበቷቸው።

"ተመስገን! እንኳን ደስ ያለዎት አደር!" አልኳቸው።

እሳቸው ግን ተቆጡ። "ናያ፣ ምኑ ነው ደስ የሚለው? ቢሰበር ኖሮ ሙክታር ገና ከግቢ ሳይወጣ ወድቆ ቂጡን ይመታ ነበር። ተሥቆበት ይቀር ነበር። ያልተሰበረው ነው እግሩን የበላው።"

ሲሻለው ልንጠይቀው ሄድን። ሙክታር አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ ግን ዓይኑ ይስቃል። እናቱ ስታየን ፊቷን አዞረች። እሱ ግን "ወላሂ አደር፣ መርገጫዎ ጥሩ ነው። ይኸው እሱ ሙሉ ነው፣ እኔ ነኝ የጎደልኩት" አለ። አደር ጃማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጁን ይዘው ቆዩና ተነሡ።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰፊውን መርገጫ ፎርማ አወረዱና በመቁረጫው ለሁለት ከፈሉት። ሐጂ ኑር ከቢሮ ሮጠው ወጡ።

"ጃማ፣ አበድክ? ሰው የሚወደው እሱን ነው!"

"ሰው ይወደዋል። ለዚህ ነው የቆረጥኩት።"

"ሽማግሌ ነጻ ብሎሃል፤ አንተ ማን ሆነህ ነው ራስህን የምትከሰው?"

"እኔ ማንንም አልከሰስኩም ሐጂ። ሌላ ነገር ልሠራ ነው።"

ሌላውን ነገር ለማግኘት ግን ብዙ ደከምን። ችግሩ ይህ ነው፤ አሮጊት የምትረግጠው ቦታ ላይ ጎረምሳም ይቆማል። ለአሮጊቷ የተመቸ ለጎረምሳው የበለጠ ይመቻል። ጠባብ ስናደርገው አሮጊቷ ትፈራለች፤ አጭር ስናደርገው ጎረምሳው አንድ እግሩን አሳርፎ ይንጠለጠላል። ታጣፊ ሞከርን፤ የዚህ አገር አቧራ ማጠፊያውን በሳምንት ቆልፎ ያዘው።

አንድ ቀን ከሙከራዎቹ በአንዱ ላይ ቆሜ የመኪናውን በር ስዘጋ የበሩ ሆድ ደረቴን ገፍቶ ወደ ኋላ አወረደኝ። የመኪና በር ሆድ አለው፤ ከሥሩ ካለው ላሜራ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው። አደር ጃማ አዩኝ። "እንደገና ዝጊው" አሉ። ዘጋሁት፤ እንደገና ገፋኝ። መርገጫውን አውልቀው ወደ ውስጥ አስገቡት። አሁንም ዝጊ። እንዲህ እንዲህ እያልን መርገጫው ከመኪናው ሆድ ሥር ገባ። በሩ ሲከፈት ሙሉ እግር ይገባል፣ ምክንያቱም ጉልበትም አካልም ወደ ውስጥ ይሄዳል። በሩ ሲዘጋ ግን የሚተርፈው ለእግር ጣት ብቻ ነው። የጅግጅጋ ጎረምሳ በእግር ጣቱ ቆሞ ሻሽ አያውለበልብም። ቦታውን ወሰድንበት። ከመርገጫው የውስጥ ጠርዝ ጋር ደግሞ አንድ ቱቦ በርዝመቱ በየድን፤ ድንጋዩን እሱ ይቀበላል። መርገጫም መከላከያም ሆነ።

መልኩ ግን አያምርም። ከሩቅ አይታይም፤ ሰው ደግሞ የከፈለበት እንዲታይለት ይፈልጋል። "ይሄ መርገጫ ምን አጥፍቶ ነው ሥር የተደበቀው?" ብለው ሳቁብን። አጠገባችን ያለው ብየዳ ቤት ሰፊውን ይሠራ ስለነበር ደንበኛ ወደዚያ ጎረፈ። ሐጂ አኮረፉ፤ የቅዳሜው ክፍያ የሚዘገይበት ጊዜ መጣ። አልተመለስንም። አደር ጃማ ዓይናቸው በብየዳ ብርሃን ደክሞ ደምበል ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ የጎን ሥራው ለእኔ ቀረ። የሰጡኝ ምክር አንድ ነው፤ "ቢቸኩሉም፣ ቢቆጡም፣ አሮጊቷን ሳታዪ እንዳትሠሪ።"

ቢቸኩሉም ቢቆጡም ያሉት አልቀረም። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ሰው ሹፌር መጥቶ ለጌታው ቤተሰብ መኪና ሰፊ መርገጫ ጠየቀ፤ አጃቢ እንዲቆምበት።

"በቤተሰብ መኪና ላይ አልሠራም" አልኩት።

"ማን እንደላከኝ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። መኪናው ውስጥ ልጆች አሉ ወይ?"

"አሉ።"

"እና በልጆቹ መስኮት ላይ ሰው ልትሰቅልባቸው ነው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽን የሚያዘጋ አፍ አለሽ" ብሎ ሄደ። በዚያ ሳምንት በር በተንኳኳ ቁጥር በቀዳዳ አይቼ ነበር የምከፍተው። ማንም አልመጣም። ቢመጣም ያው ነበርኩ። ሰው ደፋር ማለት የማይፈራ ይመስለዋል፤ እኔ እየፈራሁ ነው እንቢ ስል የኖርኩት።

እንግዲህ ለአብርሃም ልነግረው የፈለግሁት ይህ ነው። ድንጋይ ለድንጋይ የምትሄድ ከሆነ ቱቦ አስገጥም፣ ግን ማንም አይርገጠው። አሮጊትና ሕፃን ካለህ መርገጫ ያስፈልግሃል፣ ግን በሩ ሲዘጋ ሰው የማያቆም ይሁን። በካርቶን የሚመጣው መኪናውን እንጂ ቤተሰብህን አይቶ አልተሠራም። ይህን ቃል በቃል ሐሙስ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገርኩት።

"እማማ፣ እናቴ ጉልበቷ አይታጠፍም። ለእሷ ብዬ ነው" አለኝ።

"ለእሷማ እኔ እሠራለሁ። አንድ ሳምንት ስጠኝ።"

"ሠርጉ እሑድ ነው እኮ! በካርቶን ተዘጋጅቶ የመጣ እያለ…"

ቅዳሜ ቱቦውን መልሶ ሰፊውን መርገጫ አስገጠመ። የገጠመው ልጅ፣ በኋላ እንዳየነው፣ ላሜራው ላይ ነው ያሰረው፤ አንዱ ብሎን ደግሞ ላልቷል። እሑድ ጠዋት በአዲሱ ቀሚሴ፣ ነጠላዬን ለብሼ ስደርስ ግቢው ሞልቷል፤ ክላክስ ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል። ሁለት ጎረምሶች ከወዲሁ በመርገጫው ላይ ቆመው ይወዘውዙታል። የልጅ ልጆቼ ከውስጥ መስኮቱን እየደበደቡ ይስቃሉ።

"ውረዱ" አልኳቸው። ለአሮጊት ክብር ወረዱ። እኔ ሄጄ መርገጫው ላይ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የደከመኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ። ጠጣሁና አልተነሣሁም። አንደኛው ሚዜ "እማማ፣ እንቁላል ታቅፈው ነው እንዴ?" አለ፤ ግቢው ሳቀ።

"አዎ፣ ታቅፌ ነው። ስትደርስ አንተም ትፈለፈላለህ" አልኩት። የባሰ ተሳቀ።

ሰላም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። "እማዬ በናትሽ አታሳፍሪኝ። የሰው ሠርግ ነው።"

"ልጆችሽ ውስጥ ናቸው?"

"ናቸው።"

"እንግዲያው እፈሪ። ያልፋል።"

አብርሃም በሙሉ ልብሱ መጣ፤ ላብ አጥምቆታል። "እማማ፣ ማንም እንዳይቆምበት እኔ እከለክላለሁ። ቃሌ ነው።"

"ከበሮው ሲመታ ስንቱን ትከለክላለህ? አንተ ወደፊት እያየህ ነው የምትነዳው።"

"ቀስ ብዬ እነዳለሁ።"

"የሙክታርም ሹፌር ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው።"

ሙክታርን ያውቀዋል፤ ገበያ ዳር ሰዓት የሚጠግነው፣ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የሚቀመጠው ሰው ነው። እግሩን ያጣበት መርገጫ በማን እጅ እንደተሠራ ግን ነግሬው አላውቅም ነበር። አሁን ነገርኩት። በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከበሮው የሚመታው ልጅ እንኳ እጁን አቆመ።

"እና እማማ፣ ምን ላድርግ? ሰዓቱ ሄደ" አለ አብርሃም፤ ድምፁ ተለውጧል።

"ቁልፍ አምጣ። እኔ ጉልበቴ ከሥር አያስገባኝም።"

ኮቱን አውልቆ ለሰላም ሰጣት። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መሬት ላይ በጀርባው ተኛ። እኔ ከላይ ሆኜ ነገርኩት፤ መጀመሪያ የመካከሉን፣ ቀጥሎ የኋላውን፣ የፊቱን መጨረሻ፣ አለዚያ ይወድቅብሃል። የላላው ብሎን ጋ ሲደርስ ቁልፍ አላስፈለገውም፤ በጣቱ ዞረ። ከሥር ሆኖ ብሎኑን አውጥቶ አየው። ከዚያ "ይህን ማን ነው ያሰረው?" አለ ለራሱ። ተነሥቼ ሁለቱም ጎን እስኪወርድ አጠገቡ ቆምኩ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ኮቱን ደርቦበት ሄደ።

አሁን የቀረው እትዬ የሺን ማስገባት ነው። መኪናው ከፍ ያለ፣ ጎኑ ባዶ፣ ጉልበቷ የማይታጠፍ። መንጠልጠያ ያጡት ሁለቱ ጎረምሶች እጃቸውን አቆላልፈው ወንበር ሠሩና ወደ ላይ አነሷት። ግቢው እልልታውን አቀለጠው። እሷም እንደ ሙሽራ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

"ብዙነሽ! ከጋብቻዬ ቀን ወዲህ እንዲህ ተሸክሞኝ የሚያውቅ የለም። መርገጫ የምትባል ነገር እንዳትሠሪብኝ!"

አጀቡ ወጣ። ጎረምሶቹ እርስ በርሳቸው ተጨናንቀው ከኋላ ባሉት መኪኖች ውስጥ ገቡ፤ ጭፈራቸው በየመስኮቱ ይወጣል፤ ለቅሶም አልመሰለ። እስከ መታጠፊያው ድረስ የመኪናዋን ጎን አየሁት። ማንም የለበትም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ የሺን፣ እሺታዋን ሳልጠይቅ፣ ከመኪናዋ በር ሥር ጡብ ደርድሬ ለመርገጫው ለካኋት።